መስመሩ ሳይቋረጥ ስም መፍታት ያቆማል፤ ቁጥር ይሠራል፣ ስም አይሠራም (ዳያል አፕ፣ ድሬዳዋ)

የሳቢያን ጸሐፊ (ድሬዳዋ)
የካቲት 8 ቀን 2002፣ ከምሽቱ 1፡20

ጤና ይስጥልኝ። ሳቢያን ውስጥ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ካሉኝ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንደኛው ላይ በፖስታ በነፃ ከመጣልን ሲዲ ኡቡንቱ 8.04 የሚባለው ሊኑክስ ተጭኗል፤ በውጭ የሚሰካ የ56 ኪሎ ቢት ሞደም ያለውም እርሱ ነው። ኢንተርኔት የምንጠቀመው በስልክ መስመር እየደወልን ስለሆነ የምንከፍለው በደቂቃ ነው፤ ነገሩን አክብጄ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ስደውል ሞደሙ እንደ ልማዱ አፏጭቶ ይገናኛል፣ ድረ ገጾችም ይከፈታሉ። ጥቂት ቆይቶ ግን አንድም የድረ ገጽ ስም አይታወቅም፤ ማሰሻው ሰርቨሩ አልተገኘም ይላል። የሚገርመኝ መስመሩ አለመቋረጡ ነው፤ የሞደሙ መብራት እንደበራ ነው፣ ደቂቃውም ይቆጥራል፣ የኢንተርኔት አቅራቢውን ሰርቨር በቁጥር አድራሻው ፒንግ ሳደርገው (አለህ ወይ ብዬ ትንሽ ጥያቄ ስልክለት) ይመልስልኛል። ዘግቼ እንደገና ስደውል ደኅና ይሆናል፤ ከዚያ ደግሞ ይጠፋል። የሚጠፋበት ጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዴ በአምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ በሃያ፣ ትናንት ደግሞ ሃያ ስምንት ደቂቃ ያህል ቆይቶልኝ ነበር። የጀመረው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ቀድሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ አንዳች እንከን ይሠራ ነበር። የሰው ኢሜይል በመላክ ላይ ሳለሁ ሲጠፋብኝ የባከነውን ደቂቃ ከደንበኛው መጠየቅ ስለሚያሳፍረኝ ከራሴ ኪስ እየሸፈንኩ ነው። የምታውቁ ካላችሁ አደራችሁን።

---

ታይዋን ተራ (ድሬዳዋ)
የካቲት 8፣ ከምሽቱ 2፡05

እኅቴ፣ ጥፋቱ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚፈታው የአቅራቢው የስም ሰርቨር ነው። እርሱን ይተዉትና ጉግል ባለፈው ኅዳር የከፈተውን 8.8.8.8 ያስገቡ፤ ኡቡንቱ ላይ የሚጻፈው ኢቲሲ በሚባለው ማኅደር ውስጥ ባለው ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ ፋይል ነው። እኔ ከገባሁበት ጊዜ ጀምሮ ችግር አይቼ አላውቅም።

---

ባለገመዱ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)
የካቲት 9፣ ከጠዋቱ 3፡30

ልጄ፣ ዕድሜዬን በስልክ ገመድ ላይ የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝና መጀመሪያ መስመሩን አስመርምሪኝ። አንድ ጊዜ ፒንግ አድርጎ መልስ ማግኘት መስመሩ ደኅና ነው አያሰኝም። የስም ጥያቄ በዩዲፒ የሚላክ አንዲት ትንሽ ጥቅል ናት፤ መንገድ ላይ ብትወድቅ ወደቀች ብሎ የሚከታተላት የለም። ኮምፒውተሩ አምስት ሰከንድ ያህል ጠብቆ እንደ አዲስ ይጠይቃል እንጂ ሌላ መላ የለውም። ድረ ገጹ ራሱ የሚመጣው ግን በቲሲፒ ስለሆነ የጠፋው ክፍል ወዲያው እንደገና ይላካል። ስለዚህ በሚያንጫጫ መስመር ላይ ቀድሞ የሚታመመው ስም ነው፤ ሰውም ሰርቨሩን ይወቅሳል።

አራት ነገር አድርጊ። ሞደሙ ሲገናኝ የሚያሳይሽን ፍጥነት ጻፊልኝ፤ ከአርባ ሺህ ቢት በላይ ከሆነ መስመርሽ ጥሩ ነው፣ ከሃያ አራት ሺህ በታች ከሆነ ግን ሌላ ነገር አንፈልግም። የአቅራቢውን ሰርቨር ሃያ ጊዜ ፒንግ አድርጊና ስንት እንደተመለሰ ቁጠሪ። ኢንተርኔቱን ዘግተሽ የስልኩን እጀታ አንሺ፤ አንድ ቁጥር ተጭነሽ ድምፁ ጸጥ ሲል አዳምጪ፤ ጉርምርምታ ወይም ስንጥቅጥቅ የሚል ድምፅ ካለ ከውጭ ግድግዳ ላይ ያለውን መጋጠሚያ አስከፍቺ። የድሬዳዋ ፀሐይ የገመዱን ልባስ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሰነጣጥቆ መዳቡን ያጋልጠዋል። አራተኛው ጥያቄ ነው፤ ከጥምቀት ወዲህ ቤቱ ውስጥ ምን ተለወጠ? ተጨማሪ ስልክ ተቀጥሏል? ዕቃ ተዛውሯል?

---

የጀጎል ልጅ (ሐረር)
የካቲት 9፣ ከቀኑ 6፡15

ይቅርታ፣ በሰው ጉዳይ ጣልቃ ገብቼ ካልሆነ እኔም ተመሳሳይ የሚመስል ነገር አለኝ። ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው የምጠቀመው። ከዚህ በፊት ያልከፈትኩትን ድረ ገጽ ስጠይቅ የመጀመሪያው ሙከራ ብዙ አስጠብቆኝ አልተገኘም ይላል፤ ወዲያው ደግሜ ስጫን ግን ያለ ምንም ችግር ይከፈታል። ከእኅታችን ችግር ጋር አንድ ይሆን?

---

የሳቢያን ጸሐፊ
የካቲት 9፣ ከምሽቱ 12፡50

ጋሼ ባለገመዱ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ያዘዙኝን ሁሉ አድርጌአለሁ። ሞደሙ የሚገናኘው በ44 ሺህ ነው። ሃያ ልኬ ሃያውም ተመልሷል፤ ፈጣኑ 160 ሚሊ ሰከንድ፣ ዘገምተኛው 210 ነው። ይህን ያደረግኩት ስሙ በጠፋበት ሰዓት ነው። የስልኩ ድምፅም ጸጥ ያለ ነው።

ከጥምቀት ወዲህ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱ ኮምፒውተሮች በአንድ ማተሚያ እንዲጠቀሙ ብዬ ከዚሁ ከድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ያገለገለ ራውተር ገዛሁና የእኅቴ ልጅ ለበዓል መጥቶ ገመድ ዘርግቶ አገናኘልኝ። እርሱ ግን ከስልኩም ከሞደሙም ጋር አይገናኝም፤ ኢንተርኔትም የለበትም። የጻፍኩት ስለተጠየቅኩ ብቻ ነው።

8.8.8.8 ያሉኝንም ሞክሬአለሁ። ፋይሉ ላይ ጽፌ አስቀመጥኩት፤ ዘግቼ እንደገና ደውዬ ባየው የጻፍኩት የለም።

---

ታይዋን ተራ
የካቲት 9፣ ከምሽቱ 1፡30

የሚጠፋ ከሆነ መቆለፍ ነው። ቻትር በሚባለው ትእዛዝ ፋይሉን ማንም እንዳይነካው ማድረግ ይቻላል። ያ ካስቸገረዎት ደግሞ የኢሜይሉን ሰርቨር ቁጥር አግኝተው ሆስትስ ፋይል ውስጥ ከነስሙ ይጻፉት፤ ያን ጊዜ የስም ሰርቨር ባይኖርም ግድ የለዎትም።

---

የቤተ ሙከራ መምህር (ድሬዳዋ)
የካቲት 10፣ ከቀኑ 8፡40

ሳልጽፍ የቆየሁት የጋሼን ምርመራ ውጤት ስጠብቅ ነው። መስመሩ ነፃ ወጥቷል ማለት እንችላለን፤ ስሙ በጠፋበት ሰዓት ሃያ ተልኮ ሃያ ከተመለሰ ዩዲፒውም የሚጠፋበት ምክንያት የለም።

አስቀድሜ ለሐረሩ ወንድማችን፤ የእርስዎ ሕመም ሌላ ነው። እርስዎ የሚጠይቁት የአቅራቢው ሰርቨር ስሙን በማስታወሻው ካልያዘው በእርስዎ ፈንታ መንገድ ይጀምራል። የስሞች ሁሉ መነሻ ከሆኑት፣ ሥር ከሚባሉት ሰርቨሮች አንዱን ይጠይቃል፤ እነርሱ በዓለም ላይ በ13 ስሞች የሚታወቁ ናቸው። ከዚያ መጨረሻውን፣ ኮም ወይም ኢቲ የሚለውን፣ ወደሚያስተዳድረው ይሄዳል፤ በመጨረሻም የስሙ ባለቤት ዘንድ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ከአገር ወጥቶ የሚመለስ ስለሆነ ሲዘገይ የእርስዎ ኮምፒውተር ትዕግሥቱ ያልቅና አልተገኘም ይላል። ሰርቨሩ ግን ሥራውን አልተወም፤ መልሱን አግኝቶ በማስታወሻው ያኖረዋል። ስለዚህ በሁለተኛው ጥያቄዎ ወዲያው ያገኙታል። በግንኙነቱ ማስተካከያ ውስጥ ድሮ በእጅ የተጻፈ የስም ሰርቨር ቁጥር ካለ ይደምስሱትና በራሱ እንዲቀበል ያድርጉት፤ የሞተ ሰርቨር ከፊት ተሰልፎ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚባክኑት በእርሱ ነውና። እንደዚያ ካልሆነ ሁለት ጊዜ መጫን ነው።

አሁን ወደ ሳቢያን። ወይዘሮ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ስሙ ሲጠፋ ማሰሻው አልተገኘም የሚለው ብዙ አስጠብቆ ነው ወይስ ወዲያውኑ? ይህን የምጠይቀው ዝም ማለትና የለም ማለት የተለያዩ ስለሆኑ ነው። ሰርቨር ዝም ሲል ኮምፒውተሩ ይጠብቃል፣ ይደግማል፣ በዝርዝሩ ላይ ሁለተኛ ካለ ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ሊኑክስ ላይ ለአንዱ ዝምታ የሚሰጠው ጊዜ ካልተለወጠ 5 ሰከንድ ነው። ሰርቨር እንዲህ የሚባል ስም የለም ብሎ ሲመልስ ግን ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ሁለተኛው አይጠየቅም። ብዙ ሰው ሁለተኛ ቁጥር የሚጨምረው የመጀመሪያው ሲሳሳት ያርመዋል ብሎ ነው፤ እንዲያ አይደለም። ሁለተኛው የሚደርሰው ለዝምተኛ ነው እንጂ ለዋሾ አይደለም።

ስሙ እንደጠፋም ዲግ የሚለውን ትእዛዝ ከአንድ የታወቀ ድረ ገጽ ስም ጋር ያስገቡ፤ እዚህ በፊደላችን ብጽፈውም ሲከትቡ በላቲን ነው። ከመልሱ ግርጌ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደፈጀና የትኛው ሰርቨር እንደመለሰ የሚናገሩ ሁለት መስመሮች አሉ። እነርሱን ጻፉልኝ።

ለታይዋን ተራ ወንድሜ፤ ሆስትስ ፋይል የዲኤንኤስ፣ የዛሬው የስም መፍቻ ሥርዓት፣ አያት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን እስኪነድፍ ድረስ የመላው መረብ ስሞች በአንድ ፋይል ተጽፈው፣ ኤስአርአይ በሚባል የካሊፎርኒያ የምርምር ተቋም ተይዘው፣ ሁሉም ከዚያ ይገለብጣቸው ነበር። የተተወበት ምክንያት ቁጥር በተለወጠ ቁጥር ቅጂዎቹ ሁሉ ስለሚያረጁ ነው። በጽሕፈት ቤት ውስጥ ለማተሚያ ይሆናል፤ ትልልቅ ኢሜይል አቅራቢዎች ግን ቁጥር ስለሚለዋውጡ አንድ ቀን ጉድ ያደርጋል።

---

የሳቢያን ጸሐፊ
የካቲት 10፣ ከምሽቱ 1፡10

መምህር፣ የጠየቁኝን አየሁ። ወዲያውኑ ነው የሚለው፤ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አያቆይም። ዲግ ያደረግኩት በደወልኩ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ስሙ ሲጠፋ ነው። ጊዜው 2 ሚሊ ሰከንድ ይላል፤ ሰርቨሩ 192.168.1.1 ነው ይላል። ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ ላይም ያለው ይኸው ቁጥር ብቻ ነው። እንደገና ደውዬ ሳየው ግን ሌሎች ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ የአቅራቢው ይመስሉኛል።

---

ባለገመዱ
የካቲት 10፣ ከምሽቱ 1፡45

ሁለት ሚሊ ሰከንድ? በእኔ ገመድ አልሄደም። ወደ አቅራቢው ሄዶ ለመመለስ 160 ከፈጀ በ2 የመለሰው ጎረቤት ነው። ያ ራውተር ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው የመምህሩ ሥራ ነው።

---

የቤተ ሙከራ መምህር
የካቲት 10፣ ከምሽቱ 3፡20

ጋሼ ልክ ብለዋል። በስልክ መስመር የተሻገረ ጥያቄ በ2 ሚሊ ሰከንድ አይመለስም። 192.168.1.1 ራውተርዎ ነው፤ ኢንተርኔት ስለሌለው የሚጠይቀው ሰው የለውም፣ ዝም ከማለት ይልቅ ግን የለም እያለ ይመልሳል። የቀረው ጥያቄ ይህ ቁጥር በመካከል ማን አስገባው የሚለው ነው፤ ሲደውሉ የአቅራቢው ቁጥሮች በትክክል ገብተው ነበርና።

መልሱን የሰጡን እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ በመጀመሪያው ጽሑፍዎ። አምስት ደቂቃ፣ ሃያ፣ ሃያ ስምንት ብለዋል፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ግን አንድም ጊዜ አልጻፉም። የተበላሸ መስመር ወይም የታመመ ሰርቨር እንዲህ ያለ ጣሪያ አያውቅም፤ አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ይሰጥዎት ነበር። ጣሪያ ያለው ነገር ሰዓት የሚቆጥር ነው።

የሚቆጥረው ይኸውልዎ። ራውተሩ ለኮምፒውተርዎ የኔትወርክ ካርድ አድራሻ የሚሰጠው በኪራይ ነው፤ ዲኤችሲፒ የሚባለው ሥርዓት ነው። ተከራዩ ኪራዩ ግማሽ ሲደርስ ያድሳል። ኪራዩ አንድ ሰዓት ከሆነ በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ይታደሳል። ባደሰ ቁጥር ራውተሩ ከአድራሻው ጋር የስም ሰርቨር እኔ ነኝ ብሎ ይነግረዋል፤ ዲኤችክላየንት የሚባለው ፕሮግራምም አምኖ ሪዞልቭ ዶት ኮንፍን እንደ አዲስ ይጽፈዋል። በሌላ በኩል እርስዎ ሲደውሉ ፒፒፒዲ የሚባለው የመደወያ ፕሮግራም ዩዝፒርዲኤንኤስ በሚለው ምርጫ ከአቅራቢው የተቀበላቸውን ሁለት ቁጥሮች እዚያው ፋይል ላይ ይጽፋል። ሁለት ጸሐፊዎች፣ አንድ ወረቀት፤ የመጨረሻው የጻፈው ይጸናል። ጽሕፈት ቤት ስላለዎት ይህ ለእርስዎ አዲስ አይደለም።

ጊዜው የሚለዋወጠው የኪራዩ ሰዓት ከደወሉበት ደቂቃ ጀምሮ ስለማይቆጥር ነው። ኪራዩ ሊታደስ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከደወሉ አምስት ደቂቃ ያገኛሉ፤ ገና እንደታደሰ ከደወሉ ሃያ ስምንት። ዘግተው ሲደውሉ የሚድነውም መስመሩ ታርሞ ሳይሆን ፒፒፒዲ ተራውን ስለሚጽፍ ነው፤ ሁላችንንም ወደ መስመሩና ወደ አቅራቢው የመራን ይኸው ነው። ቁጥር መሥራቱን የሚቀጥለውም በእድሳት ጊዜ የሚለወጠው የስም ፋይሉ ብቻ ሆኖ መንገዱ በሞደሙ በኩል እንዳለ ስለሚቆይ ነው። የእኅትዎ ልጅ ፒፒፒዲ ነባሩን መንገድ እንዲተካ አድርጎ እንዳዋቀረው እገምታለሁ፤ ያን ባያደርግ ከመጀመሪያውም ቁጥር እንኳ ባልሠራ ነበር፤ ይመስገን።

ለማረጋገጥ ሲስሎግ የሚባለውን መዝገብ ይክፈቱና ዲኤችክላየንት የሚለውን ይፈልጉ፤ ከስንት ሰከንድ በኋላ እንደሚያድስ ይጽፋል። ያን ሰዓት ስሙ ከጠፋበት ጋር ያመሳክሩት።

---

የሳቢያን ጸሐፊ
የካቲት 11፣ ከቀኑ 5፡30

አመሳከርኩት። መዝገቡ ጠዋት 3፡12 ላይ አድሶ ከ1655 ሰከንድ በኋላ አድሳለሁ ይላል፤ ወደ ሃያ ሰባት ደቂቃ ተኩል መሆኑ ነው። 3፡25 ላይ ደወልኩና ሰዓት ይዤ ተቀመጥኩ። 3፡39 ሲል ገጽ ይከፈት ነበር፤ 3፡40 ላይ ስሙ ጠፋ። እኔ ራሴ ደነገጥኩ። አሁን ምን ላድርግ? ፋይሉን ልቆልፈው?

---

የቤተ ሙከራ መምህር
የካቲት 11፣ ከቀኑ 9፡00

አይቆልፉት። ቁልፉ ራውተሩን ብቻ ሳይሆን ፒፒፒዲንም ይከለክላል፤ አቅራቢው የሰርቨሮቹን ቁጥር የለወጠ ቀን እርስዎ በአሮጌው ላይ ተቆልፈው ይቀራሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ መቆለፉን ማን ያስታውሰዋል?

አንዱ መንገድ የዲኤችክላየንትን ማዋቀሪያ ከፍቶ የስም ሰርቨር ጥያቄውን ከዝርዝሩ ማውጣት ነው። ይህን አልመርጥም፤ ሳይጠየቁም የሚሰጡ ራውተሮች አሉ። የምመርጠው ከሥሩ መንቀል ነው። ይህ ራውተር ኢንተርኔት የለውም፤ ሥራው ሁለት ኮምፒውተሮችን ማገናኘት ብቻ ነው። እንግዲያው ኪራይ ምን ያደርጋል? በኢንተርፌስስ ፋይል ውስጥ ለኔትወርክ ካርዱ ቋሚ ቁጥር ይስጡት፤ ለምሳሌ 192.168.1.200፣ ራውተሩ ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውጭ መሆኑን አረጋግጠው፤ ማስኩ 255.255.255.0። ጌትዌይ (ወደ ውጭ መውጫ በር) የሚል መስመር እንዳይጽፉ፤ የስም ሰርቨርም እንዳይጽፉ። ጌትዌይ ከጻፉ መንገዱ ሁሉ ወደ ራውተሩ ሊዞርና ስሙም ቁጥሩም ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሡት።

8.8.8.8ን በተመለከተ፤ ክፉ አይደለም፣ ነገር ግን የአቅራቢው ሰርቨር ቅርብ ነው፣ የጉግሉ ከአገር ውጭ ነው። በሚሠራ መስመር ላይ ቅርቡን ትቶ ሩቁን መጠየቅ በእያንዳንዱ ስም ላይ ጥቂት ይጨምራል። የአቅራቢው በእርግጥ የታመመ ቀን ይጠቀሙበት።

---

ታይዋን ተራ
የካቲት 11፣ ከቀኑ 10፡10

ተምሬበታለሁ። ያን ራውተር የሸጥኩላቸው እኔ እንዳልሆንኩ ተስፋ አደርጋለሁ።

---

የሳቢያን ጸሐፊ
የካቲት 14፣ ከምሽቱ 2፡00

ሦስት ቀን ሞከርኩት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሳልዘጋ ሠርቼአለሁ፤ ስሙ አልጠፋም፣ ፋይሉም ላይ የአቅራቢው ሁለት ቁጥሮች እንዳሉ ናቸው። ማተሚያው በመጀመሪያው ቀን እምቢ ብሎኝ ነበር። ለካ ሌላኛው ኮምፒውተር የሚፈልገው የዚህኛውን አሮጌ ቁጥር ኖሮ ነው፤ አዲሱን ቁጥር ስሰጠው ታረቁ። እርሱንም ቋሚ አድርጌዋለሁ።

ለእኅቴ ልጅ ደውዬ ነገርኩት። ራውተሩ ላይ የስም ሰርቨር የሚለውን ባዶ ነው የተውኩት አለኝ። ባዶ ሲሆን ራሱን ይሰጣል ማለት ነው?

---

የቤተ ሙከራ መምህር
የካቲት 14፣ ከምሽቱ 3፡15

ብዙዎቹ እንዲያ ያደርጋሉ። ልጁን አይቆጡት።

---

የጀጎል ልጅ
የካቲት 15፣ ከጠዋቱ 4፡05

የእኔም ተገኝቷል። በግንኙነቱ ማስተካከያ ውስጥ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ነበር፤ ኮምፒውተሩን ከሸጠልኝ ሰው የቀረ ነው። አጥፍቼ በራሱ እንዲቀበል አድርጌአለሁ። አዲስ ድረ ገጽ አሁንም አልፎ አልፎ ሁለት ጊዜ ያስጭነኛል፤ በፊት ግን በየገጹ ነበር።

---

ባለገመዱ
የካቲት 15፣ ከጠዋቱ 4፡40

ልጄ፣ መስመርሽ ነፃ ቢወጣም ክረምቱ ሳይገባ የውጭውን መጋጠሚያ አሳዪው።